የቅርጫ አውሮፕላን

ባርተን ክሩግ ሰው ማሳመን ሲያውቅበት ለጉድ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንዲሉ፣ የኦሃዮዋን አክረን ከተማ እየዞረ የጎማ ነጋዴውንም፣ የጥርስ ሐኪሙንም፣ ባሏ የሞተባትን የፋብሪካ ባለቤትም በቅርጫ ባለጄት አደረጋቸው። አንዱ ሩብ ይገዛል፣ ሌላው ስምንተኛ፣ አብዛኛው ደግሞ ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱን። «መሄድ ስታምራችሁ ደውሉ፤ አውሮፕላኑ ከች ይላል» ይላቸዋል።

ከች ማድረጉ ግን የጆዲን ፓቭላክ ሥራ ነበር። ጆዲን በባርተን ድርጅት የበረራ መርሐ ግብሩ ኃላፊ ናት። ሌላው ሰው ሲጨንቀው ጥፍሩን ይበላል፤ እሷ ትስቃለች። አባቷ ሲቀበር እንኳ ሳቋ አመለጣትና እናቷ ጓንት ባጠለቀ እጇ ቆንጥጣታለች። እዚህ መሥሪያ ቤት ከገባች ወዲህ ሳቋ ብሶባታል። የበሬ ቅርጫ ቢሆን እያንዳንዱ መደቡን አንጠልጥሎ ቤቱ ይገባል፤ የአውሮፕላን ቅርጫ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ሁሉም ሙሉውን በሬ ይላል። ጄቱ አንዱን አድርሶ ባዶውን ይመለሳል፣ ሌላውን ሊያመጣ ባዶውን ይበራል፤ ነዳጅ ደግሞ ባዶ ነው ብሎ አይራራም። ነፃ አውሮፕላን ሲታጣ ከሌላ ድርጅት በሦስት እጥፍ ይከራያሉ። ለዚህ ሁሉ ጉድለት የባርተን መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ ድርሻ መሸጥ።

ከአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ ግማሹ የኦሃዮ ሰው ከፍሎሪዳ ሊመለስ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል። ያን ዓመት ባርተን ጆዲንን እዚያው ፍሎሪዳ፣ ኔፕልስ አውሮፕላን ጣቢያ ላካት።

«ደንበኞቹ የሰው ፊት ይዩ። እኔ አክረን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬን እጠብቃለሁ» አላት።

እኩለ ቀን ላይ ሦስት ደንበኞችን በየተራ ሊያመላልሱ የተቀጠሩት ሁለት ጄቶች አትላንታ ቀሩ። የአንዱ በር አልዘጋም ብሏል፤ የሌላው አብራሪዎች የሥራ ሰዓታቸው አልቋል። ጆዲን ደወለች።

«ባርተን፣ መከራየት አለብን።»

«በጭራሽ! ባንኩ አንቆኛል። ዛሬ አንድም አውሮፕላን አንከራይም።»

በስልኩ ውስጥ ቷ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎችም አጨበጨቡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቴሌቪዥን ነው» አለና ዘጋው።

ጆዲን ሳቋ ሲመጣ ስለታወቃት፣ ሰው እንዳያያት ወደ አውሮፕላን ማቆያው ሀንጋር ጀርባ ሮጠች። እዚያ እየተንፈቀፈቀች ቀና ብትል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጥገና ላይ ነው» የተባለችው ጄት ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ፀሐይ ላይ ታብረቀርቃለች። አብራሪዋ ካፒቴን ትሬሜይን ደረጃዋ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይገምጣል።

«እኔን እንዳትጠይቂኝ» አላት ገና ሳትናገር። «አለቃን እየጠበቅሁ ነው። ጎልፍ ላይ ናቸው።»

ባርተን ከጥቂት ጊዜ በኋላ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ የጎልፍ ከረጢቱን አዝሎ እያፏጨ መጣ። ጆዲንን ሲያያት ፉጨቱ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዋ ደግሞ እሷን ፍለጋ የመጡት ደንበኞቹ ቆመዋል፤ የጎማ ነጋዴው ዴልማር ሆክ፣ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ናክሌ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር፣ በኮምጣጤ የሚዘፈዘፍ ኪያር ፋብሪካ ባለቤቷ ወይዘሮ ቬርሊን ስቱትዝም ከበዓሉ የተረፈ፣ የተርኪ ሥጋ በሊጥ የተጋገረበት ፓይ በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ጥገናው አለቀ እንዴ፣ ባርተን?» አለች ጆዲን። ጨዋ ሆና ልትጠይቀው ነበር፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ፈነዳ።

«ይቺ ጄት የእኔ ናት!» አለ ሆክ የጭራዋን ቁጥር እያየ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልሳፈርኳትም!»

«ያንተማ ያቺ የቀኝ ክንፏ ጫፍ ናት» አለ ዶክተር ናክሌ። «መሪው የእኔ ነው፤ አትንካብኝ።»

ጆዲን እንባዋን ጠርጋ ያሰበችውን ተናገረች። ሁሉም ወደ አክረን ነው የሚሄደው፤ ለምን አብረው አይሄዱም? ተያዩ። ወይዘሮ ስቱትዝ ማንንም ሳይጠብቁ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

ወንበሩ ሰባት ነው፤ እነሱ ከጆዲን ጋር ሰባት ሆኑ። ባርተን ከረጢቱን አቅፎ ቀረ።

«አንድ ቦታ አለ» አለ ካፒቴን ትሬሜይን፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ። «ሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ቀበቶ አለው። ሕግ ይፈቅዳል።»

እንዲህ ሆኖ የድርጅቱ ባለቤት ሽንት ቤት ውስጥ ታስሮ ከኔፕልስ ተነሣ። ጄቷ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ስትቀስር ከበሩ ወዲያ «ኧረ በስመአብ!» ሲል ተሰማና የመንገደኞቹ ክፍል በሳቅ ተናጋ። የናክሌ ልጆች እግራቸውን እያንፈራገጡ ሳቁ። ሆክ ፓይ እያላመጠ ሊታነቅ ደረሰ።

ደመናውን ሲያልፉ ወይዘሮ ስቱትዝ በበሩ በኩል ጮኹ። «ስማ፣ አንተ ልጅ! አውሮፕላኖችህ ስንት ጊዜ ባዶአቸውን ይበራሉ?»

«አልፎ አልፎ!»

«ጆዲን፣ ልጄ፣ አልፎ አልፎ ነው?»

ጆዲን ለሥራዋ ፈራች። ግን ሽንት ቤት ውስጥ የታሰረን አለቃ መፍራት አልሆነላትም። «ግማሽ ያህሉን» አለች። «ድርሻውም ልናበር ከምንችለው በላይ ተሽጧል።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሆክ ማኘክ አቆመ። 

ያኔ ትንሿ የናክሌ ልጅ «እማዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለች።

ምን ይደረግ? ባርተን ተፈትቶ ወጣ። ወንበር የለም፤ መተላለፊያው ወለል ላይ፣ በደንበኞቹ ጉልበት መካከል ቁጭ አለ። ወይዘሮ ስቱትዝ ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ ብለው ፓዩን አስያዙት። ከዚያ ዝቅታ ሆኖ ሰውን ሽቅብ እያዩ ማሳመን አይቻልም። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ። እምቢ ማለት እንደማይችል፣ የአንዱን ቃል ለመጠበቅ ለሌላው ቃል እንደሚገባ፣ ጎልፉንም የሚጫወተው ሌላ ገዢ ለማጥመድ እንደሆነ።

«ገዛ?» አለ ዶክተር ናክሌ።

«ስምንተኛ» አለ ባርተን አንገቱን ደፍቶ።

ቀድማ በሳቅ የፈነዳችው ጆዲን ነበረች፤ ቀጥሎ ሁሉም።

«እኔኮ ዛሬ ካልተመለስኩ ብዬ አላውቅም» አለ ሆክ አይኑን እየጠረገ። «ቤት የሚጠብቀኝ ውሻዬ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ብትሉኝ ነገ ጠዋት እመጣ ነበር። ማን ጠየቀኝ?»

ማንም አልጠየቀውም። ጆዲን ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ስንት ዓመት አውሮፕላን ስታሯሩጥ፣ ሰዎቹን አስቀድሞ መጠየቅ አልተፈቀደላትም ነበር፤ ባርተን «ባለጄት አይለመንም» ይል ነበርና። ወይዘሮ ስቱትዝም ኦሃዮ ሳይደርሱ ሦስት ነገር አስማሉት፤ ሽያጩ እንዲቆም፣ ጄት የምታዘው ጆዲን ብቻ እንድትሆን፣ በበዓል ሰሞን ሰዓቱን ለሚያሸጋሽግ ደንበኛ የበረራ ሰዓት እንዲመረቅለት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተቃናም። ክረምቱን ሁለት ጄት ተሸጠ፣ አንዳንዱ ደንበኛም ተቆጥቶ ወጣ። የቀሩት ግን ጆዲን ስትደውል በደስታ ይሸጋሸጉላት ጀመር፤ አንዳንዶቹም «ከእነዚያ ሰዎች ጋር አብሬ ልሂድ?» ብለው ይጠይቋታል። ባርተን እንደ ማንም ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ጫማውን አውልቆ እየተፈተሸ መጓዝ ለመደ።

አንድ ቀን ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ «ጆዲን፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነግሬህ ነበር እኮ!»

«መቼ?»

«ስትሸጥ።»

ባርተን ትንሽ አሰበ። «አዎ፣ ያኔ አልሰማም» አለ። ሳቁ የቱ ጋ እንደጀመረ ሁለቱም አላወቁም፤ ጸሐፊዋ ምን ሆናችሁ ብላ ብትመጣ፣ እሷም ሳታውቀው አብራ ሳቀች።