ይሉኝታ የበዛበት ጥቆማ

የስርጉት ይሉኝታ አያድርስ ነው። ገንዳ ውሃ በምትባለው የቆላ ከተማ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ተቀምጣ፣ ከደጋ ወርደው ሰሊጥ ለሚያጭዱ ሠራተኞች የስልክ አፕ ትሠራለች። የወባ መድኃኒት የያዘው ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ በዚህ ሳምንት የትኛው እርሻ ላይ እንደሰፈረ የሚናገር ነው።

ታዲያ ኮዷን ሰብስቦ አፕ አድርጎ የሚያወጣላት፣ ከውጭ አገር ሰዎች በነጻ ያገኘችው ፕሮግራም አንድ ክፉ አመል ነበረው። አዲሱን የክሊኒክ ዝርዝር ሲያወርድ ኔትወርክ ከተቆረጠበት፣ ስህተቱን ዋጥ አድርጎ አሮጌውን ዝርዝር አፑ ውስጥ ይከትና “ተሳክቷል” ብሎ ይጽፋል። ኔትወርክ ደግሞ እዚህ አገር መቆረጥ ሥራው ነው።

መስከረም ላይ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ጻፈችላቸው። ምን ብላ? ጤናቸውን ጠየቀች፤ ሥራቸውን አመሰገነች፤ ጥፋቱ ምናልባት የራሷ ሊሆን እንደሚችል ገለጸች፤ በመጨረሻም “ትንሽ ነገር ናት፣ አትቸኩሉ” አለቻቸው። እነሱም አልቸኮሉም።

ከዚያ ወዲያ አፑ በወጣ ቁጥር ዝርዝሩን አንድ በአንድ በዓይኗ ታመሳክር ጀመር። አምስት ሳምንት እንዲህ ከረመች። በስድስተኛው ድካም ጣላት፤ “ተሳክቷል” የሚለውን አየች፣ እንዳለ ላከችውና ተኛች።

በአራተኛው ቀን ደረበ የሚባል የጎጃም ሠራተኛ አጠያይቆ ክፍሏ ድረስ መጣ። እንዳለው የሚባል ጓደኛውን ወባ ጥሎት፣ አፑ ወደ ጠቆመው እርሻ ተሸክሞት ሄዶ ነበር። ክሊኒኩ ከዚያ ከተነሳ ሰንብቷል። ሲመለሱ መንገድ ላይ የእንዳለው ሕይወት አለፈ።

“ልወቅስሽ አይደለም፣ እህቴ” አለ ደረበ፣ በር ላይ እንደቆመ። “ስልኬም አሮጌ ነው፤ እኔም አነባበቡ ጠፍቶኝ ይሆናል። ብቻ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው።”

“በደንብ ነው ያነበብከው” አለችው።

እሱ እንደሄደ ላፕቶፗን ከፍታ ጻፈች፤ ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ። “ፕሮግራማችሁ ሳይሳካለት ተሳክቷል ይላል። አምነነው ሰው ሞተ። ኔትወርክ እያቋረጣችሁ ሞክሩት።”

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተስተካክሎ መጣ። የታረመው አንድ የኮድ መስመር ብቻ ነበር። ከሥሩ፣ ያረመው ሰው “በጣም አዝኛለሁ። መጀመሪያ የጻፍሽ ጊዜ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪን ኖሮ የዚያኑ ዕለት እናርመው ነበር” ብሏል።

ስርጉት ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣውን አጣችው። ሰውየው እውነቱን ነው።