ውጭ ስንቴ ይወጣሉ?

ድካም ጆሮ ይደፍናል። ሲስተር የሻረግን ጉድ የሠራትም ይኸው ነው። ከአምናው የሐምሌ ተኩስ ወዲህ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ውስጥ ሐኪም ብርቅ ሆኗል፤ እሷ በምትሠራበት፣ ካቶር ሰፈር ባለው ክሊኒክ ሐኪም ብቅ የሚለው በሳምንት አንዴ ነው። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የመጣ ሁሉ የሚወድቀው እሷ ላይ ነው፤ ምን ታድርግ?

አቶ ግዛው ጁባ ታውን ምግብ ቤት አላቸው። አዲስ አበባ ሄደው የአንጀታቸውን ጫፍ ካንሰር ካስወጡ ዘጠኝ ወራቸው ነው። ሰኞ ዕለት ደውለው ሆዴ አልተመቸኝም አሉ፤ ከዚያ በላይ ትንፍሽ የለም። የሻረግም ሠላሳ በሽተኛ አይታ ዝላለች፤ በጨዋ ደንብ፣ ውጭ ስንቴ እንደሚወጡ ጠየቀቻቸው። ሳምንት ሙሉ አልወጣሁም አሉ። ድርቀት ነው ብላ፣ ሳታያቸው፣ የሚያስቀምጥ ሽሮፕ ላከችላቸው።

አበስኩ ገበርኩ! ሰውየው ለካ ከቤት አልወጣሁም ማለታቸው ነበር።

ሐሙስ ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ መጥተው፣ ሽሮፑ ሊጨርሳቸው እንደሆነ፣ ቀድሞውንም ከሽንት ቤት ርቀው መዋል ስለማይችሉ ደጅ እንደማይረግጡ ነገሯት። የሻረግ ወዲያው በሞተር ቡሉክ ሰፈር፣ ቤታቸው ሄደች።

ፍራሹ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። የልብ ምታቸውን ቆጠረች፤ ሽሮፑን ደፍታ ፈሳሽ የሚተካውን ኦ አር ኤስ በጥብጣ ቀስ እያለች አጠጣቻቸው። ከዚያ በሩን ዘግታ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ነገረቻቸው። አሁንስ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ በቀን ስንት ጊዜ ሰገራ እንደሚቀመጡ ጠየቀቻቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ "አሥራ አምስቴ" አሉ። "አንዳንዴም ሳልደርስ።"

ሰገራ የሚይዘው የአንጀት ክፍል ስለተቆረጠ እንደሆነ፣ ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ አስረዳቻቸው። የሚያረጋ መድኃኒት አለ፤ የሚበሉትን መምረጥ አለ፤ ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ፤ በየሳምንቱ እየመጣች ታሠራቸዋለች። ቀስ በቀስ ይሻላል አለች እንጂ እንደ ድሮው ይሆናል ብላ አልዋሸችም።

"ካንሰሩ አይደለም?"

"ባለፈው ወር ምርመራዎ ንጹሕ ነበር። ይሄ የቀዶ ጥገናው ጣጣ ነው።"

አቶ ግዛው ተመልሶ መጣብኝ ብለው፣ ንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ተናዝዘው፣ ሞታቸውን ሲጠብቁ ነበር የከረሙት። አለቀሱ።

"ዘጠኝ ወር ሙሉ ይቺን የሚነግረኝ ሰው ይጥፋ?"

በዘጠኙ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ቁስላቸውን ብቻ አይታ፣ ጥሩ ድኗል ብላ የሸኘቻቸው የሻረግ ራሷ ናት።