አሥራ አምስተኛው ጠጪ

በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ አልመጣም። ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። ነሐሴ አልዘነበም። ማሽላው ጉልበት ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ነጣ። ከብት ያለው ከብቱን ወደ ደብረ ሲና ዳገት ነዳ፤ ብዙው መንገድ ላይ ቀረ። ጥቅምት ሲገባ የሮቢ ወንዝ በድንጋይ መሀል የሚሳብ ቀጭን ነገር ሆነ። ያንን ቀጭን ነገር አሥራ አራት ቤተሰብ በአንድ ቦይ ተካፈለው።

የሚያካፍለው ተሰማ ነበር። የውሃ አባት ይሉታል። ሰው መርጦ የሚሰጠው፣ ደመወዝ የሌለው፣ ጠብ የማያጣው ሹመት ነው። ተሰማ ሰዓት አያስርም። ቦዩ ከወንዙ በሚጠለፍበት ቦታ ፀሐይ ላይ ይቆምና የገዛ ጥላውን በእግሩ ይለካል። ጠዋት ጥላው አሥራ ሁለት እግር ሲሆን ለአንዱ ይከፍታል። ጥላው አጥሮ አጥሮ ዳግም ሊረዝም ሲል ዘግቶ ለሌላው ይከፍታል። ማታ በዞረበት በኩል አሥራ ሁለት እግር ሲሞላ ይዘጋል። በቀን ሁለት ሰው፣ በሳምንት አሥራ አራት። ለራሱ ተራ ግማሽ እግር እንኳ ጨምሮ አያውቅም። አማቹ ገና አንድ ትልም ሲቀረው ጥላው ሞልቷል ብሎ ስለዘጋበት ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል።

በዚያ ዓመት የራህመት ሽንኩርት ደረቀ። ራህመት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ማሳዋ ከቦዩ መጨረሻ፣ ከአሸዋማው መሬት ወዲያ ነው። ስድስት ተራ አጠጥታ በሰባተኛው ወደ መጥለፊያው ወጣች።

«ጋሼ ተሰማ፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ውሃ አይደለም። ምራቅ ነው።»

«ተራሽ ሙሉ ነው።»

«ግማሹን ተበልቻለሁ።»

«ማን በላሽ? ነይ አብረሽኝ ቁሚ። ጥላውን በራስሽ እግር ለኪው።»

ቆመች። ለካች። ጥላው ልክ ነበር። ተመልሳ ወረደች። በሳምንቱ ሁለቱን በሬዎቿን ሸጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርታ አታውቅም። ሰው ፊት ማንሳት ካለባት «የጥላው ዳኛ» ትለዋለች። ተሰማም በሚካኤል ምሎ አንዲት ጠብታ እንዳላዞረ ተናገረ። እውነቱን ነበር። ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ በተያዩ ቁጥር ያች «ግማሹን» ያለችው ቃል ጆሮው ውስጥ ትንቀሳቀስ ነበር።

የልጅ ልጁ ፍሬሕይወት ስምንተኛን በጥሩ ውጤት ስታልፍ ሸዋ ሮቢት ከተማ ባለው የካቶሊኮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀበሏት። ተሰማ በመጀመሪያ አልወደደም። በእግሩ ከተማ ገብቶ የሂሳብና የፊዚክስ አስተማሪዋን፣ ከእምድብር የመጣችውን መነኩሲት፣ ሲስተር ሮማንን አገኘ።

«ልጄን ሃይማኖቷን አታስለውጡብኝም?» አላት።

«ጾሟን ትጹም፣ የቤት ሥራዋን ትሥራ» አለችው። «ሁለቱንም ካላደረገች ግን እኔው ራሴ እነግርዎታለሁ።»

መልሱ ገባው። ልጅቱን ትቶ ተመለሰ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ፍሬሕይወት አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ፣ ሲስተር ሮማን ራሷ ወደ ቀበሌው መጣች። በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ተዘርፎ ነበር። የቀረው ጠረጴዛና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው። ልጆቹ ፊዚክስን በጠመኔ ብቻ ተምረው ለመልቀቂያ ፈተና ሊቀርቡ ነው።

«ቤተ ሙከራ የለኝም» አለችው ለተሰማ። «እርስዎ ግን ቦይ አለዎት። ያበድሩኝ።»

«ቦይ እንዴት ይበደራል?»

«አንነካውም። እንለካዋለን።»

ፈቀደ። ለካሁ ያለ ሰው ከለኪ አይሸሽም ብሎ አሰበ።

ሃያ ሁለት ተማሪዎች ገመድና ሜትር፣ አንድ ስልክና አንድ ብርቱካን ይዘው መጡ። ቀኑ የራህመት የጠዋት ተራ ነበር። ሥራቸው ቀላል ነው። የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ይለካሉ፤ አሥር ሜትር በገመድ ለክተው ጫፍና ጫፉ ላይ ችካል ይተክላሉ፤ ብርቱካኑን ይጥሉና ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት በስልኩ ይይዛሉ። ከላይ፣ ከመጥለፊያው አጠገብ አንድ ጊዜ፣ ከታች፣ ራህመት ማሳ አፍ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ።

ገበሬው ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። ማሳው ለመጥለፊያው የመጀመሪያ የሆነው ዘላለም ዶማውን ተደግፎ ሳቀ።

«ጋሼ ተሰማ፣ የካቶሊኮቹ ብርቱካን ሊጠመቅ መጣ እንዴ?»

«ጥምቀቱን ለቄሶቹ ትተናል» አለች ሲስተር ሮማን ቀና ሳትል። «እኛ ሩጫውን ነው የምናየው። አንተም መሮጥ ከፈለግህ ግባ፣ ሰዓት እንይዝልሃለን።»

ሰው በዘላለም ላይ ሳቀ።

ተሰማ አልሳቀም። ብርቱካኑን በዓይኑ ሲከተል ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ልክ አይሆንም» አለ።

ልጆቹ ዞሩ። ፍሬሕይወት ደነገጠች።

«ብርቱካኑ የሚሄደው በላዩ ውሃ ነው። የላዩ ይሮጣል። የታቹ ድንጋይና ሣር ይዞት ይጎተታል። በብርቱካኑ ከሄዳችሁ የሌለ ውሃ ትቆጥራላችሁ።»

ሲስተር ሮማን ከቦዩ ወጣች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። «ልጆች፣ ጻፉ!» አለች። «ይህን የሚቀጥለው ሳምንት ላስተምራችሁ ነበር። ጋሼ ቀደሙኝ። ለዚህ ነው ያገኘነውን ፍጥነት በዜሮ ነጥብ ስምንት የምናባዛው። ከአሥሩ ስምንቱን ብቻ እንወስዳለን።»

ተሰማ ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ ያወቀው ነገር ቁጥር እንዳለው ያን ቀን ሰማ። ደስ አለው። ሲመለስ እርምጃው ሰፋ ያለ ነበር።

በሳምንቱ አርብ ከሰዓት ፍሬሕይወት ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ሳትከፍት ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ነገ የሳይንስ ቀን ነው። ወላጅ ሁሉ ተጠርቷል። የቦዩን ሥራ የማቀርበው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አቅርቢያ።»

«ውጤቱን አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ደጋግመን ለክተነዋል። ከላይ በሴኮንድ አርባ ስምንት ሊትር ይገባል። ራህመት ማሳ የሚደርሰው ሃያ አራት ነው።»

ተሰማ ሲስለው የነበረውን ማጭድ አስቀመጠ።

«ግማሽ» አለ።

«ግማሽ። የላዮቹ ከአሸዋው በፊት ስለሆኑ ብዙም አይጎድልባቸውም። አሸዋው የሚጠጣው ከእሷ ላይ ነው።» ድምጿ ቀነሰ። «ሲስተርም ‹አያትሽን ካስከፋ ሌላ ሥራ እናቀርባለን› ብላለች። አንተ ካልፈለግህ...»

ማጭዱን መልሶ አንሥቶ መሳል ያዘ። ልጅቷ ቆማ ቆማ ገባች።

ቃሉ በእጁ ነበር። ተይው ቢላት ትተወዋለች። ሰውም እንደ ትላንቱ «ተሰማ አድልቶ አያውቅም» እያለ ይኖራል፤ ሲሞትም በዚያ ይቀብረዋል። ሌላ ያፈራው ነገር የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት የራህመት ተራ ነበር። ተሰማ ጥላውን ለክቶ ከፈተላት። ከዚያ ከፍሬሕይወት ቦርሳ ያወጣውን ብርቱካን ከኪሱ አወጣ። ልጆቹ የተከሏቸው ሁለት ችካሎች እንዳሉ ነበሩ። ብርቱካኑን ጥሎ ጸሎት እንደሚደግም ሰው አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ። ሃያ አምስት ላይ ችካሉን አለፈ። ደገመው። ያው ነው። ብርቱካኑን ይዞ አሸዋውን ተሻገረ፤ ውሃው ራህመት ማሳ እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ እዚያም ጣለው። ሠላሳ ላይ ብርቱካኑ ገና መንገድ ላይ ነው። አርባ ላይ አለፈ። ሁለተኛ ጣለው፤ ሣር ያዘውና ቆመ። ተሰማ ደስ አለው። ስህተት ያገኘ መሰለው። ወዲያው ደስ በማለቱ አፈረ። ሣሩን ነቅሎ ሦስተኛ ጣለው። አርባ።

ቀና ሲል ራህመት ከማሳዋ ዳር ቆማ ታየዋለች። ሽማግሌ ሰው ብርቱካን ተከትሎ በቦይ ዳር ሲሄድ ማየት ለማንም ይገርማል።

«ጋሼ ተሰማ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችው። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠራች።

«ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ነይ» አላት። «እንዳትቀሪ።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፍሬሕይወት ሰሌዳው ላይ ቦዩን ስላ፣ ቁጥሩን ጽፋ፣ ሳትንተባተብ አስረዳች። ሃያ አራት የሚለው ላይ ስትደርስ ጉምጉምታ ተነሣ። ዘላለም ከኋላ ብድግ አለ።

«እኔ የምለው፣ ጥላ ሐሰት ይናገራል? አያትሽ አይደሉም የለኩት? ለሁላችን እኩል ነው የሰጡት!»

ልጅቷ አንዴ ወደ አያቷ አየች። «ጥላው አልዋሸም» አለች። «ጥላ የሚለካው ጊዜን ነው። እኛ የለካነው ውሃን ነው። ለሁሉም እኩል ጊዜ ተሰጥቷል። እኩል ውሃ ግን አልተሰጠም።»

ያኔ ተሰማ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ንግግር አያውቅም።

«ዛሬ ጠዋት እኔም ለክቻለሁ» አለ። «ልጅቷ ልክ ናት። አሥራ አራት ነን ስል ኖርኩ። አሥራ አምስት ነን። አሥራ አምስተኛው አሸዋው ነው። ተራ የለውም፤ ከራህመት ተራ ይጠጣል። በዚያ ክፉ ዓመት ግማሹን ተበላሁ ብላኝ ነበር። ጥላ አስቆጠርኳት። በሬዎቿን ሸጠች። የበላኋት እኔ ነኝ።»

ራህመት ሻሿን አስተካክላ ተነሣች።

«ወላሂ፣ ዘጠኝ ዓመት ሌባ ነው ስል ነበር። ሌባ አልነበሩም።»

«ሌባ ብሆን ይሻል ነበር» አለ ተሰማ። «ሌባ የወሰደውን ያውቃል።»

«የካቶሊኮቹ ሲስተር ሽማግሌያችንን ንስሐ አስገባችው!» ብሎ ዘላለም ሊያስቅ ሞከረ። ማንም አልሳቀም። የተሰማ አማች ብቻ፣ ያ የተኳረፈው፣ «አንተ ዝም በል፣ ከአሸዋው በላይ ያለህ!» አለው። ያኔ ሰው ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላም ጭብጨባ ተነሣ። ሲስተር ሮማን ከሁሉም በላይ ታጨበጭብ ነበር።

ሥራው በዚያ አልቆመም። ልጆቹ አሸዋማውን ክፍል ለኩት፤ አንድ መቶ ሰማንያ ሜትር ሆነ። አሸዋው ውሃውን እንዳይጠጣ ለመምረግ ስንት ጭቃ እንደሚፈልግ በሂሳብ ክፍል አሰሉ። ከቆላው ጥግ የጥቁር መሬት ጭቃ ተጫነ። አሥራ አራቱ ቤተሰብና ሃያ ሁለቱ ተማሪዎች ሦስት ቅዳሜ አብረው ደለደሉ፣ በድንጋይ ገጠገጡ። ጭቃ እስኪደርቅ ጠበቁ። በመጋቢት አጋማሽ ውሃው ተለቀቀና ብርቱካኑ እንደገና ተጣለ።

ራህመት ማሳ አፍ ላይ ፍሬሕይወት ስልኩን ይዛ ነበር። «ሃያ ስምንት ሴኮንድ!» አለች። ሌላው ጥልቀቱን ጮኾ ነገራት። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሰላች። ሰው ሁሉ እጇን ያያል።

«አርባ አንድ!» ብላ ጮኸች። «ከሃያ አራት ወደ አርባ አንድ ሊትር!»

ልጆቹ ቦዩ ውስጥ ዘለው ገቡ። ራህመት እልል አለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ሲስተር ሮማን ግንባሯ ላይ ጭቃ ይዛ «ጻፉ፣ ጻፉ፣ ሳትጽፉ አትጨፍሩ!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። በመሃሉ ብርቱካኑ ተፈለገና ጠፋ። ዘላለም ልጦ እየበላው ነበር።

«ምን ታዩኛላችሁ? ሥራውን ጨርሷል!» አለ። የቀረውን ግማሽ ለሲስተር ሰጣት።

ከዚያ ወዲህ የራህመት ተራ ለቀረው ጉድለት ትንሽ ረዘም ተደረገ፤ ስንት እንደሚረዝም ያሰሉት ተማሪዎቹ ናቸው። ተሰማ አሁንም ጥላውን ይለካል። ብቻ ኪሱ ውስጥ ፍሬሕይወት የጻፈችለት ወረቀት አለ።

የራህመት የክፉው ዓመት ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም ነበር። አንድ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅቷን አስቀመጣት።

«ስድስት ተራ፣ በየተራው ግማሽ። ስንት ነው?»

«አባባ፣ ይሄንንማ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። ጽፈሽ ስጪኝ።»

ሦስት ብላ ጻፈችለት። ተሰማ በዚያ በጋ ማሳውን ሳይዘራ ትቶት ነበር፤ ሰውም ለምን ይሆን ይል ነበር። አሁን ታወቀ። የራሱ ተራ ሲደርስ ውሃውን በማሳው ዳር አሳልፎ ወደ ታች ለቀቀው። በሳምንቱም እንዲሁ። ራህመት መጀመሪያ አልቀበልም አለች። «እኔ ይቅር ብያለሁ» አለችው። «ይቅርታሽን ተቀብያለሁ» አላት። «ውሃሽን ደግሞ አንቺ ተቀበይ።»

ሦስተኛው ሳምንት ላይ መጥለፊያውን ከፍቶ እዚያ አልቆመም። ከውሃው ጋር ወደ ታች ወረደ። የሽንኩርቱ ቅጠል ጉልበት ደርሶ አረንጓዴ ነበር። ውሃው ትልም በትልም ሞላ። የመጨረሻው ትልም ጫፍ ላይ ሲደርስ ራህመት እጇን አነሣች።

«ይበቃል ጋሼ ተሰማ። ደርሶኛል።»

ተሰማ ዶማውን አንሥቶ የትልሙን አፍ በጭቃ ዘጋ።