ሜሬኦኒ የሰጠችን ቃል

በደሴታችን የወደብ ከተማ በላውቶካ ሜሬኦኒን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሴቶች ዛሬም አሉ። እኔ አልቀይርም። ከፋብሪካው ከወጣነው ሠላሳ አንድ ሰዎች አንዷ ነኝና ነገሩን እንደሆነው ብናገር የሚከለክለኝ የለም።

ሜሬኦኒ በስፌት ፋብሪካችን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ስትገባ ሥራዋ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ የተንጠለጠለ ክር መቁረጥ ነበር። ከዚያ ኪስ ሰፋች፣ ከዚያ እጅጌ፣ በኋላ የመስመር ኃላፊ ሆነች። ኃላፊ ከሆነችም በኋላ ምሳዋን የምትበላው ከእኛ ጋር ነው፤ ካሳቫዋን በፕላስቲክ ሳህን ይዛ ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ሥር ትቀመጣለች። የማን ባል ሸንኮራ ቆረጣ ሄዶ እንደጠፋ፣ የማን ጉልበት ደረጃ አልወጣም እንዳለ ታውቃለች። አንዷ ስታለቅስ ካየች መኪናው ላይ ራሷ ተቀምጣ ትሰፋላትና «ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ» ትላታለች።

የምንሰፋው ለአውስትራሊያ ማዕድን ቆፋሪዎች የሥራ ሸሚዝ ነበር። ሥራችን ጥሩ ነው፤ ግን ይዘገያል። አንድ ሸሚዝ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ተነሥቶ ካርቶን ውስጥ እስኪገባ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅበታል። መርፌ ሥር የሚቆየው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሌላውን ጊዜ በዚህም በዚያም ተቆልሎ ተራውን ሲጠብቅ ነው የሚያሳልፈው። ደንበኞቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከሜልበርን መጣ፤ ሚስተር ፔል ይባላል። በመጣ በወሩ ሰሌዳ ላይ «የአሠራር ለውጥ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሸሚዙ የት እንደሚዘገይ ሠራተኞቹ ተጠይቀው ይስተካከላል፣ መሪዎቹ ሜሬኦኒና አቪነሽ ናቸው ይላል።

አቪነሽ የምርት ዕቅድ ክፍል ባልደረባ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሲመጣ ቁልፍ የሚተክለውን መኪና የቁልፍ ቀዳዳ ከሚሠራው መለየት አይችልም ነበር። ሥራውን አንድ በአንድ ያሳየችው እሷ ናት። እናቱ የሞተች ጊዜ ሜሬኦኒ አሥራ ሦስቱንም የሐዘን ቀን እነሱ ቤት ድስት ስትጥድና ሳህን ስታጥብ ነው የሰነበተችው። ከዚያ ወዲህ ዲዲ ነው የሚላት፤ በእነሱ፣ በሕንዶቹ ቋንቋ ታላቅ እህቴ ማለት ነው። እሷም «ታናሽ ወንድሜ» ትለው ነበር፣ በሰው ፊትም ጭምር።

ሜሬኦኒ ሥራውን ከመቀበሏ በፊት ሚስተር ፔል ቢሮ ገባች። አቪነሽ አብሯት ነበር።

«አንድ ነገር በግልጽ ይንገሩኝ» አለችው። «ሴቶቹ በሚነግሩኝ ነገር የተነሣ ከሥራ የሚወጣ ሰው ይኖራል?»

«አንድም ሰው አይወጣም።»

«ይህንኑ ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው።»

በማግስቱ ጠዋት የመቁረጫው አዳራሽ ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሁላችንም ተሰበሰብን። ሜሬኦኒ በጋዜጣ የተጠቀለለ የያቆና ሥር፣ ተወቅጦ በውሃ የሚጠጣውን፣ ይዛ መጣችና እንደ ወጋችን ፊታችን አኖረችው፤ ከባድ ነገር ልትጠይቀን እንደሆነ ያኔ ገባን። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ኡናይሲ ናቸው። ኮሌታ ሰፊ ናቸው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ምላሳቸውን የማይፈራ የለም።

«ሜሬ፣ ያቆናው ወፍራም ነው ወይስ እንደ ማኔጀርሽ ንግግር ውሃ የበዛበት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሜሬኦኒም ሳቀች።

«ይቅመሱትና ይፍረዱ፣ እትዬ።»

«እሺ፣ እኔም ልጠይቅሽ» አሉ እትዬ ኡናይሲ፤ አሁን ሳቃቸውን ተዉ። «የአንድ ሰዓት ሥራዬን በግማሽ ሰዓት መጨረስ እንደምችል ብነግርሽ፣ በተረፈው ግማሽ ሰዓት ምን ታደርጊኛለሽ?»

ሁላችንም ልንጠይቅ ፈልገን የፈራነው ይህንኑ ነበር። ሜሬኦኒ ዙሪያውን ፊታችንን አየች።

«በምትነግሩኝ ነገር ማንም ከወንበሯ አትነሣም» አለች። «ይሄ የማኔጀሩ ቃል ብቻ አይደለም። የእኔም ቃል ነው።»

እትዬ ኡናይሲ እጃቸውን ዘርግተው የያቆናውን ሥር ነኩ። መቀበላቸው ነው። እኛም መዳፋችንን አጉብጠን ሦስት ጊዜ አጨበጨብን።

ከዚያ በኋላ የነበረው አራት ወር፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ደስተኛ ጊዜ ነው። ሜሬኦኒ አንድ ሸሚዝ በእጇ ይዛ ከመቁረጫው እስከ ካርቶኑ ተከተለችው፤ የት እንደቆመ፣ ማን እንደነካው፣ ለምን እንደተመለሰ እየጻፈች። ግድግዳው ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጠፈ፤ አንዷ ያየችውን ችግር ትጽፋለች፣ መጻፍ የማትወደው ትናገርና ሜሬኦኒ ትጽፍላታለች። ሥር ላይ የተናጋሪዋ ስም ይሰፍራል። «ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይታወቅ፣ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይወስድባችሁ» ነበር ያለችው።

አርባ አርባ ሆኖ ይታሰር የነበረው ጥቅል አሥር አሥር ሆነ። የቁልፍ መኪናው ከግድግዳው ጥግ ተነሥቶ እጅጌ ሰፊዎቹ አጠገብ መጣ። እኔ ካውያ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ራሴም ሳላስበው «ሜሬ፣ እኛ እኮ ከምሳ በኋላ አርባ ደቂቃ ሸሚዝ ስንጠብቅ እንቀመጣለን፤ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው የተተኮሰውን መልሰን የምንተኩሰው» አልኳት። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ጻፈችው፤ ስሜንም ጨመረች።

እትዬ ኡናይሲ እስከ ሦስተኛው ወር አልተናገሩም። ከዚያ አንድ ከሰዓት ከመኪናቸው መሳቢያ ውስጥ ከወተት ጀሪካን የተቆረጠች ትንሽ ፕላስቲክ አወጡ። ኮሌታው ከመርፌው ሥር እንዳይንሸራተት አጠገቡ ያደርጓታል፤ በእሷ ሲሰፋ ጫፉ አንድም ጊዜ አይጣመምም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳያሳዩ ተጠቅመውባታል።

«ለምን ደበቋት?» አለቻቸው ሜሬኦኒ።

«ባሳያቸው የቀኑን ኮታ ይጨምሩብኝ ነበር። አሁን ግን አንቺ ነሽ የጠየቅሽኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሌታ የሚሰፉት ሁሉ ፕላስቲኳን ያዙ። በአራተኛው ወር መጨረሻ ሸሚዙ ከጨርቅ ተነሥቶ ካርቶን ለመግባት አራት ቀን ብቻ ይፈጅበት ጀመር። ሚስተር ፔል በኮኮናት ወተት የበሰለ ዳቦ አስመጣልንና እያንዳንዳችንን ጨበጠን። እትዬ ኡናይሲን ሲጨብጥ «የፋብሪካው ባለሙያ» አላቸው።

ነገሩ የፈረሰው ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ቢሮው ውስጥ የሆነውን ሜሬኦኒ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ሚስተር ፔል አስጠራትና አንድ ወረቀት አቀበላት። «ለሴቶቹ በቋንቋቸው አንቺ ብታነቢላቸው ይሻላል» አላት። ወረቀቱ ላይ ሠላሳ አንድ ስም አለ። መጀመሪያ የደንበኞች ዝርዝር መስሏት ነበር። ኡናይሲ የሚለውን ከላይ ስታይ ግን ቀና አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከዓርብ በኋላ የማያስፈልጉን ሠራተኞች።»

ስሞቹን ደግማ አየቻቸው። ከጎናቸው ምክንያት ተጽፏል። ከእትዬ ኡናይሲ ጎን «ፕላስቲኩን ይዞ አዲስ ሠራተኛም ሊሠራው ይችላል» ይላል። ከካውያ ክፍል ሴቶች ጎን «በቀን አርባ ደቂቃ ያለ ሥራ» ይላል። ቃላቱ የእሷ ነበሩ፤ ቢጫው ወረቀት ላይ በገዛ እጇ የጻፈቻቸው።

«ቃል ሰጥተውኝ ነበር» አለች።

«ሰጥቻለሁ፤ በጊዜው እውነት ነበር» አለ ሚስተር ፔል። «ዋናው መሥሪያ ቤት ወሰነ። ደግሞ ምክንያቱ እነሱ የተናገሩት አይደለም፤ የሰው ኃይል ብዛት ነው። በየካቲት አቪነሽ በዝርዝር አጥንቶታል።»

የካቲት ማለት ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሜሬኦኒ ዘወር ብላ አቪነሽን አየችው። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ስክሪብቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ታውቅ ነበር?»

ስክሪብቶውን ማየት ቀጠለ።

«አቪ፣ እኔን እየኝ። ታውቅ ነበር?»

«ዲዲ… ብነግርሽ ታቆሚው ነበር።»

«አዎ፣ አቆመው ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

በኋላ ስትነግረኝ ከሁሉም ያንገበገባት ይሄ መልስ እንደሆነ ነው ያለችኝ። አልዋሸም፣ አልተርበተበተም። እሷ አምናው እንድትናገር፣ እኛ እሷን አምነን እንድንናገር፣ ነገሩን ሁሉ በልኩ ቆርጦ የሰፋው እሱ ነበር። ሚስተር ፔል ይህንኑ ለማለስለስ ፈልጎ ይመስለኛል «የአንቺ ስም የለበትም እኮ» አላት። አቪነሽ ከሰኔ ጀምሮ የምርት ኃላፊ እንደሚሆንም የዚያኑ ቀን ነው የሰማችው።

«እኔ አላነብላቸውም» አለች።

«እንግዲያው አቪነሽ ያነባል።»

«አቪነሽ ከማንበቡ በፊት እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ወረቀቱን ይዛ ወጣች። መኪኖቹን እንድናቆም በእጇ ምልክት ስታሳየን መብራት ሊጠፋ ነው ብለን ነበር። ጠረጴዛ ላይ አልወጣችም፤ በሁለቱ መስመር መካከል ቆመች።

«የሰጠኋችሁ ቃል ፈርሷል። ሠላሳ አንድ ሰው ዓርብ ይወጣል። የመረጡትም ለእኔ የነገራችሁኝን ይዘው ነው። አላወቅሁም ነበር፤ ግን የተናገራችሁት እኔ ስለጠየቅኋችሁ ነው።»

ከዚያ ስሞቹን አነበበች። የእኔን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

እትዬ ኡናይሲ ተነሡ። መቀሳቸውን፣ የዓይን መነጽራቸውን፣ ወንበራቸው ላይ የሚያነጥፉትን ጨርቅ ቀስ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እስከ ዓርብ አልጠበቁም።

«አላወቅሁም አልሽ?» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ኖረሽ?»

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር ስም—»

«የራስሽ ስም ስንተኛ ላይ ነው?»

እትዬ ኡናይሲ በመካከላችን አልፈው ወጡ። ያን ቀን እኔም ሜሬኦኒን ጠላኋት። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አጠገቤ መጥታ ስትቆም ቦርሳዬን ይዤ ፈቀቅ አልኩ። መልቀቂያዋን ያስገባችው የዚያኑ ቀን ከሰዓት እንደሆነ የሰማሁት ሳምንት ቆይቶ ነው።

ቅዳሜ ከአጎቷ ጋር እትዬ ኡናይሲ መንደር ሄደች። አጎቷ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዟል፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ይዞት የሚሄደው እሱን ነው፤ ከእሱ በላይ የምናቀርበው ነገር የለንም። ከቤቱ ፊት መሬት ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጡ። መጋረጃው እንኳ አልተነካም። አጎቷ «በቃ፣ እንሂድ ልጄ» ሲላት ነው የተነሣችው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተመልሰው ሄዱ። ያን ቀን እኔም ነበርኩ፤ እትዬ ኡናይሲ ራሳቸው ናቸው ያስጠሩኝ፤ ምስክር እንድሆን ይመስለኛል። ወንድማቸው ጥርሱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ እንደ ወጉም ይቅርታው መድረሱን ተናገረ። ሜሬኦኒ ጎንበስ እንዳለች ታለቅስ ነበር። እትዬ ኡናይሲ ሻይ ቀዱላት።

«ሜሬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ከልቤ ነው» አሉ። «ቤቴ ነይ፣ ብዪ፣ ጠጪ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከእንግዲህ ‹እርስዎ ምን ያስባሉ?› ብለሽ አትጠይቂኝ።»

ሜሬኦኒ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ አወራን።

ፋብሪካው አልተዘጋም። በመስከረም አቪነሽ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ ሜሬኦኒ ቤት መጣ። ከስቷል አለች። የቀሩት ሴቶች ሲጠይቃቸው «ሁሉም ደህና ነው፣ ጌታዬ» እያሉት፣ ሸሚዙ ተመልሶ ዘጠኝ ቀን ደርሷል።

«ማንም አይነግረኝም፣ ዲዲ። መርፌ ሲሰበር እንኳ አይነግሩኝም።»

«ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ ሸሚዙን ልታፈጥን?»

«ሁለቱንም» አለ።

«እንግዲያው ሻይህን ጠጣና ሂድ።»

ጠጥቶ ሄደ። ብርቱካኑን ለጎረቤት ልጆች ሰጠቻቸው።

ሜሬኦኒ አሁን ሆስፒታል ካርድ ክፍል ናት። ሰልፉ ጠዋት ከበሩ እስከ መንገዱ ይደርሳል፤ ታማሚው ሦስት መስኮት ላይ ሦስት ጊዜ ያንኑ ስሙን ይናገራል። በየትኛው መስኮት ምን እንደሚጓተት እሷ በሁለት ሳምንት አወቀችው። የክፍሉ አለቃ፣ አንዲት ጨዋ ሴትዮ፣ ይህን አይታ «ለውጡን አንቺ ምሪው፤ ሠራተኞቹ አንቺን ያምናሉ» አለቻት።

«እርስዎ ፊታቸው ቆመው ማንም እንደማይነካ ይንገሯቸው» አለች ሜሬኦኒ። «ከዚያ በጽሑፍ ይፈርሙላቸው። እኔ የሌላ ሰው ቃል በአፌ አልይዝም።»

ሴትዮዋ ከበላይ ጠይቃ እንደምትመልስላት ነገረቻት። ይህን ካለች አምስት ወር ሆነ። ሜሬኦኒ መስኮቷ ላይ ተቀምጣ የታማሚ ስም ትጽፋለች፤ ሰልፉም እስከ መንገዱ ነው።