የጋሼ ካሬ በረንዳ

ጋሼ ካሬ ከተቀበረ በኋላም ሰው ይጠይቀው ነበር።

«ጋሼ ካሬ፣ እንደምን አደሩ? እጅጌው ብብቱ ላይ ያዘኝ፤ ምን ላድርግ?» ይላል አንዱ። «ጋሼ፣ ማተሚያው ወረቀት በላብኝ» ትላለች ሌላዋ። ስልኩ ድሮ በሚቀመጥበት በመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ፣ ጨርቅ ከሚያሰምርባቸው የሳሙና ስባሪዎች አጠገብ ሆኖ ይንጫጫል። ታናሽ እህቱ እታለም የስፌት መኪናዋን ሳታቆም በዓይኗ ታየዋለች። መርዶውን ሰዎቹ በሚጠይቁበት የስልክ ግሩፕ ላይ የጻፈችው ራሷ ናት፤ ነገር ግን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሲደራረብ መርዶው ወደ ላይ ርቆ ቀረ፤ አዲስ የገባ ሰው ከየት ያገኘዋል?

ካሬ ያሰኘው ሥራው ነው። ልብስ ሰፊ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተር በራሱ ተምሮ የልብስ ቅድ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራ። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ይሰጡታል፤ ፕሮግራሙ ቅዱን በወረቀት ያወጣል፤ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አንጥፎ መቁረጥ ነው። በነፃ ለቀቀው። የውስጡንም አሠራር ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ የቻለ ገብቶ ያርመው፣ ይጨምርበት ብሎ። ለምን ሲሉት «መቀስ አያያዝ ያሳዩኝ ሰዎች እጃቸውን አልደበቁኝም» ይል ነበር።

በእያንዳንዱ ቅድ ጥግ አንዲት ትንሽ ካሬ አለች። ከመቁረጥ በፊት እሷን በሜትር መለካት ነው፤ ጎኗ ከተጻፈባት ልክ ካጠረ ማተሚያው ወረቀቱ እንዲበቃው ብሎ ቅዱን በሙሉ አሳንሶታል ማለት ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። እሱም ሳይሰለች «ካሬዋን ለካችኋት?» ይላል። ስሙ በዚያው ጸና።

ግሩፑ ያን ጊዜ አንድ ቤት ነበር። የኮሌታ ጥያቄ፣ የማተሚያ ስሞታ፣ የልጅ መወለድ፣ የተሰበረ መርፌ ፎቶ፣ ሁሉም በአንድ በር ይገባል። ጋሼ ካሬ መጻፍ አይወድም፤ ጣቱ ወፍራም፣ ፊደሉ ትንሽ። ስለዚህ ስልኩን አፉ ድረስ አስጠግቶ በድምፅ ይመልሳል፤ መጀመሪያ ስለ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ከዚያ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይላል። እታለም ከጀርባው እየሰፋች ትስቅበት ነበር። «ቅድ ነው የምትሰጣቸው ወይስ ታስታርቃቸዋለህ?» እሱ ደግሞ «አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ» ይላታል።

ከሞተ ወዲህ ከነዚያ ድምፆች አንዱንም ከፍታ አልሰማችም።

መነጽሩ የሚባለው ልጅ የመጣው ሐዘኑ ትንሽ ከበረደ በኋላ ነው። የፕሮግራሙን ብልሽት በትርፍ ጊዜው የሚያርም ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ሁሉም በዚህ ስም ያውቀዋል። የጋሼን በርጩማ አይቶ ቆመ፤ እታለም «ተቀመጥ፣ አይነክስም» እስክትለው ድረስ።

«እታለም፣ ይሄ ግሩፕ ሳይሆን ገበያ ነው» አለ። «ጋሼ በሕይወት ሳሉ ሁሉንም በጭንቅላታቸው ይዘውት ነበር። አሁን ማን ይያዘው? አንዱን ጥያቄ ስፈልግ ሌላው ይጠፋብኛል። በዚህ ከቀጠለ እኔም እተወዋለሁ፣ ፕሮግራሙም እንደ ወላጅ አልባ ሜዳ ላይ ይቀራል።»

እሷን ያስፈራት ይኸው ነበር። ወንድሟን አንድ ጊዜ ቀብራዋለች፤ ሥራውን ደግሞ ሌላ ጊዜ መቅበር አልፈለገችም። «እሺ፣ እንዴት ይሁን?» አለች።

ክፍል ክፍል አደረጉት። የመጫኛ፣ የልኬት፣ የማተሚያ፣ የብልሽት፣ የጨዋታ። እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ምን እንደሚጠየቅበት ጻፉ። አሮጌውን ቤት ማንም እንዳይጽፍበት ቆለፉት። ያ ቀን ለእታለም የወንድሟን ልብስ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ እንደከተተችበት ቀን ሆነባት፤ ንጹሕ፣ ሥርዓት ያለው፣ ባዶ።

ስልኩ ዝም አለ። መነጽሩ ደስ ብሎት «አየሽ፣ መልክ ሲይዝ ጥያቄም ይቀንሳል» ብሎ ጻፈላት። እሷ ግን አልተዋጠላትም። ልብስ ሰፊ የሚባል ፍጡር ዝም ሲል አታውቅም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የዩኒፎርም ሰፊዋ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። በጋሼ ጊዜ ግሩፑ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምታወራ፣ በዕድሜ ከእታለም የምትበልጥ ሴት ናት። የተሸከመችውን ማዳበሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ሰማያዊ የተማሪ ሸሚዝ፣ ሁሉም ተቆርጦ ተሰፍቶ፣ ሁሉም ጠባብ።

«የአሻንጉሊት ትምህርት ቤት ካለ ንገሪኝ፣ ላስረክብ» አለች።

«እትዬ! ይህን ሁሉ ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት ምነው ብትጠይቂ?»

«የቱ ጋ ልጠይቅ? በር አበዛችሁ! ወደ ማተሚያው ልሂድ? ወደ ልኬቱ? ወይስ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው? እኔ በምን አውቄ? እሱን ባውቅማ መች እጠይቅ ነበር! ያለቦታዬ ገብቼ የተማረ ሰው ፊት ከምዋረድ ብዬ ቆረጥኩት። ያኔ እኮ ‘ጋሼ፣ ጠበበኝ’ ነበር የምለው። በቃ፣ ጠበበኝ።»

እታለም ከክምሩ ውስጥ ቅዱን መዝዛ ሜትሯን ካሬዋ ላይ ዘረጋች። አጥራለች።

«ካሬዋን አልለካሻትም።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ስንት ጊዜ ነግረውኝ! እስቲ አሰሚኝ፣ ያኔ የመለሱልኝ እዚያው አለ።»

እታለም ስልኩን አነሳች። መልሱን ከአሮጌው ቤት ፈልጋ ስታገኘው ጣቷ ብዙ ቆየ። ከዚያ ነካችው።

«እንዴት ነሽ እትዬ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለ ጋሼ ካሬ፣ ሕያው ሆኖ፣ ትንሽ እያሳለ። «ጠበበኝ አልሽ? አትደንግጪ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ካሬዋን ለካሻት?» ከኋላው የስፌት መኪና ይንተከተካል። ከመኪናው ድምፅ መካከል አንዲት ሴት ትጮኻለች፣ «ጋሼ! ምሳው ቀዘቀዘ፣ ኋላ እኔን እንዳትል!» እሱም ወዲያ ዞሮ፣ «መጣሁ እታለም፣ ሰው እያናገርኩ ነው።»

ድምፁ አበቃ። ከዚያ የዩኒፎርም ሰፊዋ «ምሳውን በሉ ግን?» አለች፤ እታለምን ሳቅ ቀደማት፣ እንባዋም ተከተለ።

«ቀዝቅዞ ነው የበላው። ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር።»

ፊቷን ጠርጋ ለመነጽሩ ደወለች። «ክፍሎችህን አልነካም» አለችው። «አንድ በረንዳ ግን እንጨምር። ሰው የሚያመውን ብቻ ይናገር፤ የትኛው ክፍል እንደሚገባ ሰሚው ይወቅ።»

«ማን ይቀመጥበታል?»

«እኔ። በድምፅ ነው የምመልሰው፣ አስቀድሜ ነግሬሃለሁ።»

«ድምፅ እንደ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝም እኮ እታለም!»

«እንግዲያው አንተ ከሥሩ ጻፍበት። ጣትህ ቀጭን ነው።»

መነጽሩ ተነፈሰ፤ ከዚያ ሲስቅ ተሰማት። «እሺ። የጋሼንም ድምፆች ወደዚያ አመጣቸዋለሁ፤ ከያንዳንዱ ሥር እጽፍበታለሁ።»

በረንዳው ሲከፈት የዩኒፎርም ሰፊዋ እዚያው ነበረች፤ የሸሚዞቹን ጎን ተርትራ ቁራጭ ጨርቅ ለመጨመር እታለም መኪና ላይ ተሰይማለች። ስልኩ ጮኸ። ስሙ የማይታወቅ አዲስ ሰው ነው፤ «ጋሼ ካሬ አሉ? ሱሪው አልሆነኝም» ይላል።

እታለም በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ስልኩን አፏ ድረስ አስጠጋች።

«እሱ የለም፣ ዐርፏል። እህቱ ነኝ» አለች። ከኋላዋ መኪናው ይንተከተካል። «ቤተሰብ ደህና ነው? እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»