የድንቢጥ መቃብር

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ? እስቲ አፍ አውጥተህ ንገረኝ!» አለች ሱዪን።

ዳፌንግ የአክስቱን ክንድ ለቀቀ። አባቱ፣ ስሙ የገነነው ደራሲ ሉዎ ቦሻን፣ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሣጥኑ ግቢው መሐል ተቀምጧል። የልጁ ዓይኖች ለሟቹ በሚቃጠለው ወረቀት ጭስ ቀልተዋል።

«አክስቴ፣ ማን ሞቱ አለ? ለነገው ቀብር ብቻ ነው። አንባቢዎቹ ከየከተማው ይመጣሉ፣ ጋዜጠኞችም ይመጣሉ። ጓዳ ይቀመጡ፣ ምሳዎን እዚያው አመጣልዎታለሁ።»

«ዶሮ ነኝ የምትዘጋብኝ?»

የወረዳው የባህል ኃላፊ ቺያዎ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ሰው መጽሐፉን አምኗል። በመጽሐፉ እኅቱ ድንቢጥ በሰባት ዓመቷ በረሃብ ሞታለች። የመቃብር ድንጋይም ያቆምንላት እኛ ነን። በየዓመቱ በአውቶቡስ እየመጡ ያለቅሱባታል። እርስዎ አሁን የሐዘን ነጭ ጠምጥመው ‹እኅቱ ነኝ› ቢሉ…»

«ድንቢጥ የእኔ ስም ነው። እናቴ ናት ያወጣችልኝ።»

«እሱንማ እናውቃለን።»

«ካወቃችሁ በቁሜ ለምን ቀበራችሁኝ?»

በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሚያጨሰው ሽማግሌው ኮንግ በሳል የታጀበ ሳቅ ሳቀ። «ተዋት ቺያዎ! እሷስ ታድላለች፣ ድንጋይ ቆሞላታል። እኔ ሰማንያ ሞልቶኝ ቦታ እንኳ የሚያሳየኝ አጣሁ።»

ሱዪን ከሣጥኑ አጠገብ አልተነሣችም። ወንድሟን በሣጥኑ ጎን ተንበርክካ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ግንባሯን መሬት አስነክታ እጅ ነሥታ ልትሸኘው ፈልጋለች። ይህን ከዘመድ በቀር ማንም አያደርገውም፤ ነጩንም ከዘመድ በቀር ማንም አይጠመጥምም። ከእናት ልጅ ደግሞ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

በመጨረሻ ዳፌንግ ደከመው። «ይሁን። ግን ሰው ካልጠየቀዎት አይናገሩ።»

ነጩን ጠመጠመች፤ በሣጥኑ ጎን የተነጠፈው ጭድ ላይ ተንበረከከች።

መጽሐፉ የወጣ ጊዜ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። አንዷ ባልደረባዋ እያለቀሰች አምጥታ ሰጠቻት። ያላነበበው ሰው አልነበረም፤ በኋላ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፣ ሽልማት አመጣ፣ የቦሻን ፎቶ የመንደሩ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሱዪን ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ የራሷ ሞት ጋ ስትደርስ ዘጋችው። በሚቀጥለው እሑድ የደረቀ ስኳር ድንች በጀርባዋ አዝላ ወንድሟ ወደሚኖርበት ከተማ ሄደች።

እሱ ማድ ቤት ቆሞ ነጭ ሽንኩርት ይልጥ ነበር።

«ለምን ገደልከኝ?» አለችው።

የያዘውን ልጦ ጨረሰ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር መለሰላት። «ያን የረሃብ ዓመት አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትንፋሽሽን አዳምጥ ነበር፤ እስኪቆም። ሾርባሽ ለእኔ እንዲሆን።» ቢላዋውን አስቀመጠ። «አንቺ አልሞትሽም። እኔ ግን ጠብቄ ነበር።»

እራት አብረው በሉ። ምን እንደበሉ አታስታውስም። ለማንም አልተናገረችም፤ በየዓመቱ ግን ስኳር ድንቹን ትልክለት ነበር። ያን ሁሉ ወፍራም መጽሐፍ የጻፈው ሰው ለእሷ «ደረሰኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጽፎላት አያውቅም።

የቀብሩ ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ አሮጊት ለሣጥኑ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ካለች በኋላ ሱዪን አጠገብ ቁጭ አለች፤ እግሯ አልችል ብሏት ነው። በጨርቅ የተቋጠረ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ይዛለች።

«ይሄ ለድንቢጥ ነው» አለች፣ ሱዪን ቋጠሮውን ስታይ። «የእኔም ታናሽ እኅት በዚያው ዓመት ነው የሄደችው። በምንጣፍ ጠቅልለው፣ ከሌሎቹ ጋር… የት እንደጣሏት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንት ዘመን የማለቅስበት አፈር አጥቼ ኖርኩ መሰለዎት። አሁን በየዓመቱ እዚህ እመጣለሁ። ዳቦውን አስቀምጥና የራሴን እኅት በስሟ እጠራታለሁ። ድንቢጥ አትቀየመኝም፣ አይደል?»

«አትቀየምም» አለች ሱዪን።

«እርስዎስ? የሟች ምናቸው ነዎት?»

ከማዶ ቺያዎ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ከአፉ ሳያደርስ ቀረ። ዳፌንግ ቀና አለ። ሱዪን ሣጥኑን አየችው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃት።

«ጎረቤት ነኝ» አለች። «ቤተሰቡ ሰው አንሶት ነው ያስጠመጠሙኝ።»

«በዚህ ዕድሜዎ ለጎረቤት መንበርከክ! ደግ ነዎት።»

«ወደ መቃብሯ ሲሄዱ ከወፍጮው ወዲያ ይጠንቀቁ። ትናንት ዘንቧል፤ መንገዱ ያዳልጣልና ቀስ ይበሉ።»

እኩለ ቀን ላይ የቀብሩ መለከቶች ጮኹ። ዳፌንግ በወጉ መሠረት ወረቀቱ የተቃጠለበትን የሸክላ ሳህን ድንጋይ ላይ ከሰከሰው፤ ግቢው በአንድ ጊዜ አለቀሰ፤ ካሜራዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። ስምንት ሰዎች ሣጥኑን በትከሻቸው አነሡት።

ሱዪን ነጩን ፈታች። አራት ቦታ አጠፈችውና ተንበርክካበት የነበረው ጭድ ላይ አኖረችው። ሰዉ በፊት በር ሲጎርፍ እሷ በማድ ቤቱ በኩል ወጣች፤ የጎመኑን መደብ ዞራ አስፋልቱ ዳር ደረሰች። ወደ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ቆሟል። ከኋላ፣ መስኮት ጥግ ተቀመጠች፤ እስኪሞላም ጠበቀች።