የሦስት ሰዓቷ ጀልባ

መነጽር ሠሪዋ በዓመት ሁለት ቅዳሜ ብታርፍ ነው። በምትሠራበት ሱቅ ቅዳሜ ማለት ገበያ ማለት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ላይ አፍጥጦ የከረመ ሁሉ ዓይኑን እያሻሸ የሚመጣው ያን ቀን ነው። እሷ ከኋላ ክፍል፣ ከመሞረጃው ማሽን ፊት ቆማ ሌንስ በየፍሬሙ ልክ ስትቀርጽ ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ልጆቿ ታጥበውና በልተው ይጠብቋታል፤ ለእሷ የሚቀርላት ብርድ ልብስ ማልበስና መብራት ማጥፋት ነው። ስለዚህ ሰኞ ሥራ ዝግ መሆኑ ተነግሮ የሱቁ ባለቤት «በቃ ከቅዳሜ ጀምረን እንዝጋ» ሲል፣ በእጇ የያዘችው ሌንስ ሊያመልጣት ምንም አልቀረው።

የዚያኑ ማታ ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች፦ ቅዳሜ ዋና፣ እሑድ የእንስሳት ማቆያ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት ጀልባ።

ልጆቿ ሁለት ናቸው። የስድስት ዓመቷ ትልቋ «ለምን?» ብላ ነቅታ «ለምን?» ብላ የምትተኛ ስለሆነች ቤተሰቡ ጥያቄ ይላታል። የአራት ዓመቱ ታናሽ ጉንጩም ሆዱም ክብ ነውና ስሙ ዱባ ሆኖ ቀርቷል።

ዓርብ ማታ ባሏ እጁን በሳሙና እየፈተገ ወሬ አመጣ። የአውቶቡስ መካኒክ ነው። «እስከ ሰኞ ከጋራዥ መውጣት የለም ተብለናል። ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው። ግን አታስቢ፣ ለእህቴ ነግሬያታለሁ፤ በመኪናዋ ትወስዳችኋለች።»

«ማን አሰበ? አውቶቡስ አለ አይደል?»

«ሁለት ልጅና ሦስት ቦርሳ ይዘሽ? በአውቶቡስ?» ሳቀ። «እኔ የምጠግነውን አውቶቡስ እኔ ነኝ የማውቀው።»

እሷ አልሳቀችም። ሦስቱን ቀን የፈለገቻቸው ለራሷ ነበር። ይህን ለባሏ ብትነግረው ምን እንደሚል ስለምታውቅ ዋጥ አደረገችው።

የባሏ እህት መኪና መንዳት የምታስተምር ሴት ናት። ከእሷ ሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «እታለም» እያለች ነው የምትጠራት። ቀኑን ሙሉ ለማጅ አጠገብ ተቀምጣ «ፍሬን! ፍሬን!» ስትል ስለምትውል ተማሪዎቿ ያወጡላትን ስም ልጆቹም ወርሰውታል። አክስቴ ማለቱ ቀርቶ ፍሬን ሆናለች። ባልም ልጅም የላትም፤ እሷም ስለዚያ አታወራም።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዋ ጥሩምባ ከደጅ ሲጮህ ልጆቹ ዳቧቸውን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ሮጡ። እናትየው ቦርሳዎቹን ተሸክማ ስትደርስ ሁለቱም ከኋላ ወንበር ታስረው፣ አክስታቸው የምታወራውን የአንድ ለማጅ ታሪክ እየሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሰውየው ወደ ኋላ እነዳለሁ ብሎ የአትክልት ሻጭ ጋሪ ጎትቶ ወስዷል አሉ።

«እታለም፣ ነይ ግቢ። ምነው ጭነት አበዛሽ? ልንሰደድ ነው እንዴ?»

«ልጅ ይዞ መውጣት እንዲህ ነው» አለች እናትየው፤ ከአፏ ሲወጣ ካሰበችው በላይ ሻከረ።

መዋኛው ሰው በሰው ሆኖ ነበር። እሷ ውሃ ከደረቷ ካለፈ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ያም ሆኖ ዱባን ታቅፋ በደረጃው ወረደች። ልጅ ፍርሃት በቆዳው ይሰማል። አንገቷን ጨምድዶ ይዞ «አውጪኝ! አውጪኝ!» እያለ አገር አቀለጠ። አክስቱ በዋና መጥታ «እስቲ ወዲህ በዪው» አለችና ተቀበለቻት። አንድ ጊዜ አጥልቃ አወጣችው። እናትየው ጩኸቱን ስትጠብቅ ሳቅ መጣ። «ድገሚኝ!»

ደገመችው። ሃያ ጊዜ ደገመችው። ጥያቄም መጥታ ከጀርባዋ ተንጠለጠለች። እናትየው ወጥታ፣ ሦስት ፎጣ ጭኗ ላይ ደርድራ፣ ሙዝ ስትልጥ ቆየች። የሚበላላት ስትፈልግ ግን የሚመጣ የለም።

አጠገባቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ውሃው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያማስላሉ። ልጆቹን አይተው አይተው ለአክስትየው «እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው! ሴቷማ ቁርጥ አንቺን። ሞግዚት ይዘሽ መምጣትሽም ጎበዝ፤ እኔ እኮ በአንቺ ዕድሜ ብቻዬን ነበር የምንገላታው» አሉና አገጫቸውን ወደ ፎጣዎቹ ቀሰሩ።

መነጽር ሠሪዋ የባሏ እህት አፍ ላይ ዓይኗን ተከለች። እናታቸው እኮ ያቻት ትላለች ብላ ጠበቀች። አክስትየው ግን ፀጉሯን ከፊቷ ጠረገችና ፈገግ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ዱባን ይዛ ጠለቀች።

መነጽር ሠሪዋ የላጠችውን ሙዝ መልሳ ቦርሳው ውስጥ ከተተች። ሲወጡ ፎጣውን አላቀበለቻትም፤ ወረወረችላት።

እሑድ ደግሞ የባሰው መጣ። የጥያቄ የላይኛው የፊት ጥርሷ ሦስት ሳምንት ሲወዛወዝ ከርሟል፤ የመጀመሪያው ጥርሷ ነው። እናትየው ማታ ማታ፣ የቱንም ያህል ደክማ ብትገባ፣ በጣቷ ነካ ሳታደርገው አታድርም ነበር። «ሲደርስ እኔ ነኝ የምነቅልልሽ። ማንም እንዳይነካው፣ እሺ?» «እሺ እማዬ።» የሁለቱ ብቻ የሆነ ነገር ያ ነበር።

የእንስሳት ማቆያው በር ላይ የቲኬት ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። «እታለም፣ እኔ ልሰለፍ» ብላት ነበር አክስትየው፤ ግን የትናንቱ ነገር ከነከሳት ወዲህ ውለታዋን መቀበል ስላስጠላት «ተይው፣ እኔው እሰለፋለሁ» ብላ ፀሐዩ ላይ ቆመች። አርባ ደቂቃ። ቲኬቱን ይዛ ስትመለስ ጥያቄ አገጯ በደም ተነክሮ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ! ፍሬን ነቀለችልኝ! አንድ፣ ሁለት ብላ፣ ሦስት ሳትል!»

«ፖም ስትገምጥ ክር በምታክል ሥጋ ተንጠልጥሎ ቀረ» አለች አክስትየው ከኋላ፤ እሷም ልጅ ሆና ዓይኗ ያበራል። «አመማት፣ አለቀሰች። ምን ላድርግ፣ ስስብ ወለቀ። ይኸው ጀግና!»

እናትየው ጥርሷን በሶፍት ተቀበለች። የሩዝ ፍሬ ታክላለች። «ጎሽ የኔ ልጅ» አለችና ሶፍቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። የዚያን ቀን ቀጭኔም አንበሳም አየች ለማለት ያህል ነው እንጂ አላየችም። ያየችው የሁለት ልጆች እጅ በሌላ ሰው ሁለት እጅ ውስጥ ሆኖ ከፊቷ ሲሄድ ነው። ልጄ ብትወዳት ምን አለበት፣ አክስቷ አይደለችም ወይ ብላ ራሷን ገሠጸች። ቅናት ግን ምክር አይሰማም። አንዴ ከገባ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ማታ አክስትየው ደጃፍ ላይ አውርዳቸው፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። «እታለም፣ ነገ ጀልባዋ በስንት ሰዓት ናት?»

«አምስት» አለች መነጽር ሠሪዋ።

ሦስት ሰዓት ነበር። ቲኬቱን ራሷ ቆርጣለች፣ ሰዓቱም ማቀዝቀዣው ላይ ተጽፏል። ውሸቱን አላሰበችበትም፤ እንደ ማስነጠስ አመለጣት። አንድ ቃል ብቻ ጨምራ ልታስተካክል ትችል ነበር። አልጨመረችም።

«በቃ አራት ተኩል ላይ እመጣላችኋለሁ» ብላ አክስትየው መኪናዋን አስነሳች።

ሰኞ በማለዳ ልጆቿን አለባብሳ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በከረጢት ይዛ፣ በአውቶቡስ ወደ ሐይቁ ወረደች።

«ፍሬንስ?» አለች ጥያቄ።

«ትመጣለች።»

«መቼ?»

«ስትመጣ።»

«ለምን አብራን አልመጣችም?»

«እንቁላሉን ያዢልኝ እስቲ፣ እንዳይፈርጥ።»

ጀልባዋ ሰዓቷን ጠብቃ ተነሳች። እናም፣ እውነቱ መነገር አለበትና፣ ያ ጉዞ ከሦስቱ ቀን ሁሉ ያማረው ነበር። ዱባ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ እጇ ላይ አንቀላፋ። ጥያቄ ጭኗ ላይ ተደግፋ ዓሣ ይተኛል ወይ፣ ደሴቷ ሥር አላት ወይ፣ ውሃው ማታ ማታ ወዴት ይሄዳል እያለች፣ በወለቀው ጥርሷ ቦታ ትንፋሿ እያፏጨ ትጠይቃለች፤ እናትየው ስለምታውቀው ትመልሳለች፣ ስለማታውቀው አብራ ታስባለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ልጆቿ የእሷ ብቻ ሆኑ። እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ነገር ግን ሰዓቱ አራት ተኩል ሲያልፍ ከደስታዋ ሥር አንዲት ጠጠር ትቆረቁራት ጀመር። ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ከቦርሳው ሥር ቀብራዋለች። አላወጣችውም።

ሲመለሱ የባሏ እህት ከመውረጃው ጣውላ ላይ ቆማለች። ቀሚሷ በላብ ከጀርባዋ ተጣብቋል፤ ፊቷ ዓመድ መስሏል። ልጆቹ ሲወርዱ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ እጃቸውን፣ ራሳቸውን። ከዚያ ነው ቀና ያለችው።

«አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ» አለች። «በሩን ደበደብኩ። ጎረቤት ጠየቅኩ። የሆነ ነገር የደረሰባችሁ መስሎኝ ጋራዥ ደውዬ ወንድሜን ከሥራ አስወጣሁት። እሱ ነው ‹ጀልባዋ እኮ ሦስት ሰዓት ናት› ያለኝ።»

ጥያቄ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየች። «ተኝተሽ ነው ያረፈድሽው?»

አክስትየው የዱባን እጅ ያዘች። «አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ መነጽር ሠሪዋም ያን ተመኝታ ነበር ለአንድ አፍታ። ግን ያ ፊት ያን ያህል ሲነጣ አይታ መቆም አልሆነላትም።

«አልተኛችም» አለች ለልጇ። «እኔ ነኝ ሰዓቱን ያሳሳትኳት። አውቄ ነው።»

«ዋሸሽ?»

«ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«መቅናት ምንድን ነው?»

እናትየው ጎንበስ አለች። «ኳስሽን ሌላ ልጅ ይዞ ሲጫወት፣ አንቺን ደግሞ ማንም ሳይጠራሽ ሲቀር...»

«እኔ ግን ኳስ አይደለሁም» አለች ጥያቄ፣ ቅር ብሏት።

«ግቡ መኪና ውስጥ» አለች አክስትየው። በመንገዱ ሁሉ ያወጣችው ቃል ይኸው ብቻ ነው።

ማታ ባልየው ሲገባ ተቆጥቶ ነበር የገባው። ሁሉን ነገረችው። «ለእኔ ብትነግሪኝስ ምን ነበረበት?» አላት። «ትስቃለህ ብዬ ነዋ» አለችው። ሊስቅ ነበር መሰል፣ አፉን ከፍቶ ከደነው።

አክስትየው ሁለት ሳምንት ድርሽ አላለችም። ዱባ ደጅ ላይ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር እየሮጠ እየወጣ፣ የሰው መኪና አይቶ ይመለሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ መነጽር ሠሪዋ ልጆቿን ለራሷ ልታደርግ ብላ ሁለቱንም አኩርፈው አገኘቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ከሱቅ ፈቃድ ጠይቃ ወደ መለማመጃው ሜዳ ሄደች። ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። አንድ ሽበታም ለማጅ ለልምምድ በቆሙት ምሰሶዎች መካከል እየተንገዳገደ ሁለቱን ጣለና በላብ ተጠምቆ ወረደ። አክስትየው በመስኮት አየቻትና «ግቢ፣ ሙቀት ነው» አለቻት።

ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።» የወደቁትን ምሰሶዎች እያየች ነው። «ያን ቀን ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ውሃ በልቷቸዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላው ይቅር ይባል ይሆናል። ያ ግን ገና አልለቀቀኝም።»

«እውነትሽን ነው።»

«መቅናትሽንማ ከድሮም አያለሁ። ምን ላድርግልሽ? ልጆቹን አትውደዱኝ ልበላቸው?»

«መዋኛው ጋ» አለች መነጽር ሠሪዋ፤ ድምፅዋ አነሰ፤ «ያቺ ሴትዮ ስትናገር ዝም አልሽ።»

አክስትየው የእጅ ፍሬኑን በአውራ ጣቷ ፋቀችው። «ዝም አልኩ። ጆሮዬ ጣመው። ለአንድ ደቂቃ ይሁን ብዬ። ከዚያ ፎጣውን ስትወረውሪልኝ ገባኝ፤ ግን ምን ብዬ እንደምመለስ ጠፋኝ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ውሸቱ ደግሞ የአንቺ።»

«የእኔ ነው።»

ሌላ ለማጅ እየመጣ ነበር። አክስትየው ቀና ብላ አየችውና «እሑድ ልውሰዳቸው?» አለች ቶሎ ብላ። «ብቻዬን።»

መነጽር ሠሪዋ እምቢ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር። «ውሰጃቸው» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል የምትሠራው ጠፋት። የታጠበ ወለል ደግማ አጠበች። አሁን ምን እያሳየቻቸው ይሆን፣ አሁን በምን እያሳቀቻቸው ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ዋለች፤ ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስታ ሁለት ጊዜ አስቀመጠችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጡ። ዱባ አክስቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። እናትየው እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፤ ሲለዋወጡት በእንቅልፍ ልቡ «ፍሬን» ብሎ አጉረመረመ።

ያው ቅናት መጥቶ ወንበሩን ሳበ። አልሄደም። ልጁን ወስዳ አስተኛችው፣ ጫማውን አወለቀችለት፣ ተመልሳም መጣች። የባሏ እህት ገና በሩ ላይ ቁልፏን እያሽከረከረች ቆማለች።

«ምን ያስቆምሻል?» አለቻት መነጽር ሠሪዋ። «ግቢና እራት ብዪ። ምን ምን እንዳያችሁም አንቺው ንገሪኝ፤ ጥያቄማ ከጀመረች አታቆምም።»